ጉድጓዱን ከመቆፈራችሁ በፊት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የፍሳሽ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ብሎኬት ይጨነቃል። ስለ ብረት፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ ይጨነቃል። ስለ ፍሳሹ የሚያስበው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ቆፋሪ ይጠራል። ከግቢው ጥግ ቆሞ "እዚህ ጋ ቆፍር" ይላል። ዋጋ በሜትር ይነጋገራል፣ አለቀ። ከጥቂት ክረምት በኋላ ጉድጓዱ ሞልቶ ግቢው መሽተት ሲጀምር ነው ጉዳዩ እንደገና የሚነሳው።

ይህን የምጽፈው ከከተማው ዳር ለሚሠራ ወይም ሠርቶ ለተቸገረ ሰው ነው። አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ፣ የካ አባዶ፣ ከአያት ማዶ ያላችሁ አላችሁ። ከ2015 ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር በገቡት በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በገላን ያላችሁም አላችሁ። አስተዳደሩ ይለያይ እንጂ ችግሩ አንድ ነው። አማራጮቹን በየተራ እናያለን። እኩል ቦታ ግን አልሰጣቸውም፤ አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል።

መጀመሪያ አፈሩን ጠይቁ

ቆፋሪው የሚጠይቃችሁ ስንት ሜትር እንደሚቆፍር ነው። እናንተ ደግሞ ከዚያ በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ ማወቅ አለባችሁ።

ቧንቧ የገባለት፣ ስድስት ሰው የሚኖርበት ቤት እንውሰድ። አንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም በቀን 480 ሊትር ፍሳሽ ይወጣል። በወር 14 ሜትር ኩብ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ውሃ ወይ አፈር ይጠጣዋል፣ ወይ ቱቦ ይወስደዋል፣ ወይ መኪና መጥቶ ይመጠዋል። ሌላ መንገድ የለም። አለ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የእነሱን ጉዳይ ኋላ አነሳዋለሁ።

የዳርቻው አፈር አንድ ዓይነት አይደለም። በሰሜን በኩል፣ በእንጦጦ ግርጌ ተዳፋቱ ላይ፣ ቀይ አፈር ይበዛል። ውሃ በደህና ያሰርጋል። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ስትወርዱ፣ አቃቂን፣ ገላንን፣ ቦሌ አራብሳንና ኮዬን ይዞ፣ ሜዳው በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው። ኢንጂነሮቹ ብላክ ኮተን ይሉታል። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ሲያብጥ ቀዳዳው ሁሉ ይዘጋል፣ ውሃ አያሳልፍም።

አፈራችሁን ለመፈተን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ውሃው ይሰርግበታል ባላችሁት ቦታና ጥልቀት ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ። ማታ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠዋት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ጨምሩና ሰዓት ያዙ። ውሃው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰደ ያ አፈር ለማስረጊያ አይሆንም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጭልጥ ካለም አትደሰቱ። ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እየወረደ ነው።

ጥቁር አፈር ላይ ይህ ሙከራ በየካቲትና በመጋቢት ያታልላል። ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። "ይህማ ጎበዝ አፈር ነው፣ ይጠጣል" ይባላል። ሐምሌ ሲገባ ስንጥቁ ተደፍኖ ጉድጓዱ እስከ አፉ ይቆማል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ የቤት ሥራ በበጋ ስለሚጧጧፍ ጉድጓዱም የሚቆፈረው በበጋ ነው። ከቻላችሁ በክረምት ሞክሩት። ካልቻላችሁ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ውሃ እየጨመራችሁ አፈሩን አጥግቡትና ከዚያ ለኩ።

ሁለት ነገር ደግሞ አብራችሁ እዩ። አንዱ የውሃ ጉድጓድ ነው። የእናንተም ሆነ የጎረቤት የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ከማስረጊያው ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። በነሐሴ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ሲል ደግሞ ከማስረጊያው ወለል 1 ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። "ውሃውን አፍልቼ እጠጣለሁ" ማለት አያድንም። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ከሽንት ቤት የሚመጣውን ናይትሬት ግን አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ናይትሬት ይበልጥ ይጠነክራል። ናይትሬት የበዛበት ውሃ በተለይ በጡጦ ለሚመገብ ጨቅላ አደገኛ ነው።

ሌላው መንገዱ ነው። መምጠጫ መኪናው በክረምት ጭቃ በራችሁ ድረስ ይገባል? ቱቦው ከመኪናው እስከ ታንካችሁ ይደርሳል? ታንኩን ከቤቱ ጀርባ አስቀምጠው ዙሪያውን የሚዘጉ ሰዎች አሉ። ሲሞላ አጥር ያፈርሳሉ።

ወደ ከተማው መስመር መግባት

የፍሳሽ መስመር በሠፈራችሁ ካለፈ ብዙ አትመራመሩ፤ ግቡ። ወጪው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ቢሮክራሲውም ያሰለቻል። ከዚያ በኋላ ግን መኪና መጥራት፣ ሽታ፣ ከጎረቤት መጣላት የለም።

የአዲስ አበባ መልክዓ ምድር ለዚህ ይረዳል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ 2,100 ሜትር አካባቢ ይገኛል። ፍሳሹ ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁለት ወደ ደቡብ ይወርዳል። ዋናው ማጣሪያ ቃሊቲ ላይ የተሠራው ለዚህ ነው። የድሮው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ለማጣራት የተሠራ ነበር። አዲሱ 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲችል ሆኖ ተገንብቷል። በምሥራቅ በኩል ኮተቤ ላይም ማጣሪያ አለ።

ታዲያ ዳር ላይ ላለ ሰው ጥያቄው ማጣሪያው ሳይሆን ከፍታው ነው። የቤታችሁ ወለል ከመንገዱ ማንሆል በላይ ነው ወይስ በታች? 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቢያንስ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ከቤቱ እስከ ማንሆሉ 15 ሜትር ከሆነ 30 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ያስፈልጋችኋል። ቤታችሁ ከመንገዱ በታች ከሆነ ፓምፕ ሊጠይቅ ነው። ፓምፕ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ወለሉ ሳይፈስስ የማንሆሉን ጥልቀት ለኩ። ይህን ሥራ ቀያሽ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

የጣሪያ ውሃ ወደዚህ መስመር አይገባም። የዝናብ ውሃ የራሱ ቦይ አለው። አሸንዳውን ከፍሳሽ ቱቦው ጋር የሚያገናኝ ሰው በክረምት የሠፈሩን ማንሆሎች ሁሉ ያስገነፍላል፤ መጀመሪያ የሚጥለቀለቀውም ታች ያለው ጎረቤቱ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የምትጠይቁት የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንን ቅርንጫፍ ነው። በሸገር በኩል ከሆናችሁ የክፍለ ከተማችሁን አስተዳደር ጠይቁ። "መስመሩ ሊመጣ ነው" የሚል ወሬ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። መቼ፣ በየትኛው መንገድ፣ በምን ጥልቀት የሚለውን ጠይቁ። እርግጠኛ መልስ ካጣችሁ ደግሞ መሃል መንገድ አለ። አሁን ታንክ ሥሩ፣ ነገር ግን የመውጫ ቱቦውን በመንገዱ በኩል አድርጉት። መስመሩ የመጣ ቀን ታንኩን ዘላችሁ በአንድ ቱቦ ትገናኛላችሁ። ታንኩን ከጓሮ የቀበረ ሰው ግን ሳሎኑን ሊቆፍር ነው።

ኮንዶሚኒየም ለምትገዙ በአጭሩ። እንደ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ያሉ ሰፋፊ ሳይቶች ከዋናው መስመር ስለሚርቁ የራሳቸው ማጣሪያ ተሠርቶላቸዋል። ማጣሪያው መብራትና ባለሙያ ይፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ማጣሪያው እየሠራ እንደሆነ ነዋሪ ጠይቁ፣ በሳይቱ ዝቅተኛ ቦታ ያሉትን ብሎኮች ዙሩና አሽትቱ። ግራውንድ ላይ ያለ ቤት የላይኞቹ ዘይትና ጨርቅ ማረፊያ ነው፣ ቱቦው ሲዘጋ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

ሥሩ ክፍት የሆነው ጉድጓድ

በየግቢው የምናየውና ሁሉም "ሴፍቲ ታንክ" የሚለው በአብዛኛው ይህ ነው። አንድ ክፍል ብቻ ያለው፣ ግድግዳው በድንጋይ የተደረደረ፣ ሥሩ ያልተገረፈ፣ ላዩ በሶሌታ የተከደነ። ከሽንት ቤቱም ከሻወሩም ከኩሽናውም የሚመጣው አንድ ላይ ይገባበታል።

ርካሽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ምንም ችግር አያሳይም። በኋላ ግን ዘይቱ፣ ሳሙናውና ዝቃጩ የጉድጓዱን ግድግዳ እንደ ቅባት ይለብጠዋል፤ አፈሩ መጠጣት ያቆማል። መኪና ይጠራል፣ ይመጣል፣ ይመጥጣል። በክረምት ከሆነ በሳምንቱ ተመልሶ ይሞላል፤ የገባበት የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሰውየው ገንዘብ ከፍሎ ያስመጠጠው የሠፈሩን ውሃ ነው ማለት ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ቧንቧ ገብቶለት ፍላሽ ለሚጠቀም ቤት ይህን አትሥሩ። ቀይ አፈር ላይ ያለ፣ ሰፊ ግቢ፣ በአቅራቢያው የውሃ ጉድጓድ የሌለ ሰው ምናልባት ለዓመታት ሊገላገልበት ይችላል። እሱም ቢሆን ትንሽ ጨምሮ የሚቀጥለውን ቢሠራ ይሻለዋል።

ባለ ሁለት ክፍል ታንክ ከማስረጊያ ጋር

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ለብዙው ሰው የሚሆነው ይህ ነውና።

ታንኩ ውሃ የማያስገባ የማያስወጣ ሣጥን ነው። ውሃው ሁለት ቀን ያህል ይቀመጥበታል። ከባዱ ይዘቅጣል፣ ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ መሃል ላይ የጠለለው ውሃ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል። ዝቃጩን ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ይበሉታል። ታንኩ ብቻውን ውሃውን አያጠራውም። ግማሹን ሥራ የሚሠራው ከታንኩ ውጭ ያለው አፈር ነው። ይህ ስለማይታወቅ ነው ብዙዎች ጥሩ ታንክ ሠርተው መውጫውን ዝም ብለው ወደ ውጭ የሚለቁት።

ለስድስት ሰው መጠኑን እናስላ። የሁለት ቀን ውሃ 960 ሊትር ነው። ዝቃጭ በአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ብንይዝ፣ ለሦስት ዓመት 720 ሊትር ይሆናል። ድምሩ 1 ሺህ 680 ሊትር ነው። እንግዳ አለ፣ ድግስ አለ፣ ልጅ ይወለዳል። ስለዚህ 4 ሜትር ኩብ ቢሆን አይቆጭም። ከውስጥ 2 ሜትር ከ40 ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ20 ስፋት፣ የውሃው ጥልቀት 1 ሜትር ከ40። የመጀመሪያው ክፍል የርዝመቱን ሁለት ሦስተኛ ይይዛል፣ ማለትም 1 ሜትር ከ60። በመግቢያውና በመውጫው ላይ የቲ ቅርጽ ያለው ቱቦ ይገባል። ያ ቱቦ ከሌለ የተንሳፈፈው ዘይት በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ሄዶ ይደፍነዋል። ዋጋው ምንም አይደለም፣ ሠራተኛው ግን የሚረሳው እሱን ነው። ቆማችሁ አስገጥሙ።

አሁን ወደ ማስረጊያው። ደህና ውሃ የሚያሰርግ አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ በቀን 20 ሊትር ያህል ይጠጣል። 480 ሊትር ለማስረግ 24 ካሬ ሜትር ግድግዳ ያስፈልጋል። ጠጠር የተሞላ ቦይ ብትሠሩ፣ በሁለቱ ጎኖቹ በአንድ ሜትር ርዝመት 1 ካሬ ተኩል ቢሰጥ፣ 16 ሜትር ቦይ ማለት ነው። በሁለት ከፍላችሁ 8፣ 8 ሜትር ልታደርጉት ትችላላችሁ። ሸክላ የበዛበት አፈር ግን በካሬ 10 ሊትር ብቻ ነው የሚጠጣው። ቦዩ 32 ሜትር ይሆናል። 150 ካሬ ላይ ቤት ሠርታችሁ፣ መኪና ማቆሚያ ለይታችሁ፣ 32 ሜትር ቦይ የት ታስገቡታላችሁ? የሚያብጠው ጥቁር አፈር ደግሞ ከዚህም በታች ነው፤ እሱ ላይ ማስረጊያ አትሞክሩ።

ማስረጊያው ላይ መኪና አይቆምም፣ ሲሚንቶ አይፈስም፣ ሥሩ የሚበዛ ዛፍ አይተከልም። ሣር ይበቃዋል።

ታንኩ በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ይመጠጣል። መቼ እንደሆነ ለማወቅ ረጅም ዱላ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስከ ታች ስደዱት። ጨርቁ ላይ የጠቆረው ቁመት የዝቃጩ ቁመት ነው። የውሃውን ጥልቀት ሲሶ ካለፈ መኪና ጥሩ። በረኪና በገፍ አትድፉበት፤ ሥራውን የሚሠሩላችሁን ባክቴሪያዎች ትገድላላችሁ። የወጥ ዘይት፣ የቡና አተላ፣ ሞዴስና ዋይፕስም ቦታቸው ቆሻሻ መጣያ ነው።

የታሸገ ማጠራቀሚያ፣ ለጥቁር አፈር

ሥሩም ግድግዳውም ውሃ እንዳያስተላልፍ ሆኖ ይሠራና የሞላ ቁጥር ይመጠጣል። ጥቁር አፈር ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ወደዚህ ይገፋል። ተገቢም ነው። ግን ሒሳቡን ሳይሠራ የገባ ሰው ያለቅሳል።

በወር 14 ሜትር ኩብ ተኩል ውሃ አለን። መኪናው 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ቢሆን በወር ሁለት ጊዜ ለመጥራት ትንሽ የቀረው ነው። በዓመት ከሃያ ጊዜ በላይ። ይህን ማን ይችለዋል? ማንም አይችለውም። ለዚህ ነው ብዙ የታሸጉ ታንኮች ማታ ማታ በምስጢር ቀዳዳ የሚወጣላቸው።

መፍትሔው ውሃውን መለየት ነው። የሽንት ቤቱ ብቻ ወደ ታንኩ ይግባ፤ የሻወርና የልብስ ማጠቢያ ውሃ በሌላ ቱቦ ይውጣ። ስድስት ሰው በቀን አምስት አምስት ጊዜ ቢጠቀም 30 ጊዜ ነው። በአንድ ጊዜ 9 ሊትር የሚለቅ ፍላሽ ከሆነ በቀን 270 ሊትር፣ በወር 8 ሜትር ኩብ ይሆናል። በወር አንድ መኪና። በጆግ ሁለት ሊትር ተኩል የሚደፋበት ሽንት ቤት ከሆነ ግን በቀን 75 ሊትር ብቻ ነው። ያው 8 ሜትር ኩብ ከሦስት ወር ተኩል በላይ ይቆያል። አንድ የፍላሽ ዕቃ ምርጫ የዓመት ወጪያችሁን ከሦስት እጥፍ በላይ ሲለውጠው አያችሁ? የሴራሚክ ቀለም ከመምረጥ በፊት ይህን ምረጡ።

የተለየው የሻወርና የእጥበት ውሃ ከፍ ተደርጎ በተሠራ መደብ ላይ እንሰት ወይም ሸንኮራ አገዳ ሊያጠጣ ይችላል። የኩሽናው ውሃ መጀመሪያ ዘይት በሚይዝ ትንሽ ሣጥን ይለፍ። ሣጥኑን በየሳምንቱ አንስቶ ማጽዳት ግድ ነው፤ ይገማል፣ ግን ግድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ መደቡ ራሱ ውሃ ይጠግባል። ስለዚህ ይህ ዘዴ ጥቂት እርምጃ እንኳ ባዶ መሬት ለሌለው ግቢ አይሆንም።

በማኅበር የተደራጃችሁ ከሆነ ሌላ በር አለ። አሥር ቤት አሥር ጉድጓድ ከሚቆፍር፣ በሠፈሩ ዝቅተኛ ጥግ አንድ የጋራ ታንክና አነስተኛ ማጣሪያ ሊሠራ ይችላል። በቴክኒክ ከሁሉም የተሻለው ይህ ይመስለኛል። የሚያከሽፈው ቴክኒኩ ሳይሆን ሰው ነው። ማን ያስመጥጣል? የማይከፍል ቢኖርስ? ቤቱን የሸጠስ? ይህን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጽፋችሁ ከተፈራረማችሁ በኋላ ብቻ ጀምሩ። እድር የሚያስተዳድር ሕዝብ ታንክ ማስተዳደር አያቅተውም።

ደረቅ ሽንት ቤትና ባዮጋዝ

ቧንቧ ገና ካልገባላችሁ፣ ወይም ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ፣ በፍላሽ ራሳችሁን አታስጨንቁ። በደንብ የተሠራ ደረቅ ሽንት ቤት ከመጥፎ ሴፍቲ ታንክ ይሻላል። አንድ ሰው በዓመት 60 ሊትር ይሞላል ብለን እንያዝ። 1 ሜትር በ1 ሜትር ሆኖ 3 ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ፣ ከላይ ግማሽ ሜትር ቢተው፣ ለስድስት ሰው ሰባት ዓመት ያህል ያገለግላል።

ሽታና ዝንብን የሚያጠፋው የአየር ቱቦው ነው። ከጣሪያው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ጫፉ ላይ ወንፊት ይኑረው፣ የቤቱ ውስጥ ጨለም ይበል። ዝንብ ብርሃን ተከትሎ ወደ ቱቦው ይወጣና ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ወንፊት የሌለው ቱቦ የዝንብ በር ነው፣ በየሠፈሩ የምናየውም አብዛኛው እንዲያ ነው። ጥቁር አፈር ላይ ጉድጓዱ በብሎኬት ይደገፍ፣ ወለሉም ከመሬት ከፍ ይበል።

ቦታ ያለው ሰው ሁለት ጉድጓድ አድርጎ በየተራ ይጠቀም። የሞላውን ከድኖ ይተወዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ አየር የወስፋት እንቁላል እስኪሞት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው አፈር ለዛፍ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን አልመክርም።

በሱሉልታ፣ በሰበታና በለገጣፎ በኩል የወተት ላም ያላችሁ ባዮጋዝ አስቡ። በሀገራችን ስንዱ በሚል ስም የሚታወቀው ዲዛይን ከ4 እስከ 10 ሜትር ኩብ መጠን አለው። ለትንሹም ቢሆን በቀን 20 ኪሎ ግራም ያህል እበት ይፈልጋል፣ ስለዚህ አራት ላም ያህል ይኑራችሁ። ሽንት ቤቱን ማገናኘት ይቻላል። ላም ለሌለው ቤት ግን በሽንት ቤት ብቻ የሚረባ ጋዝ አይገኝም።

"ወደ ዲቹ ልቀቀው"

አለ የሚሉት ሌላ መንገድ ይህ ነው። ዝናብ ሲወርድ ጠብቆ መክፈት፣ ወይም ቱቦውን በስውር ከዝናብ ውሃ ቦይ ጋር ማገናኘት። "ሁሉም ያደርገዋል" ይባላል።

ከዲቹ ወዴት ይሄዳል? ወደ ትንሹ ወይም ወደ ትልቁ አቃቂ። ሁለቱ ወንዞች ከከተማው በታች አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። በመንገዳቸው ላይ ጎመንና ሰላጣ ይለማባቸዋል። ያ ጎመን ተመልሶ ገበያ ይወጣል፣ እናንተም ትገዙታላችሁ።

ሕጉስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መበከልን ይከለክላል፣ የበከለውም ያጸዳል፣ ይከፍላል። የጤና ሕጉም ቆሻሻ አካባቢንና ጤናን በሚጎዳ መንገድ እንዳይወገድ ይከለክላል። እነዚህ የፌደራል ሕጎች ናቸው፤ "እኔ ሸገር ነኝ" ወይም "እኔ አዲስ አበባ ነኝ" አይሠራባቸውም። አዲስ አበባ ደግሞ በወንዝ ዳርቻ ብክለት ላይ የራሷን ደንብ ቁጥር 180/2017 አውጥታለች፣ ደንብ ማስከበርም ይቀጣበታል። ጎረቤትም ዝም ብሎ እያሸተተ የሚኖር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 መሠረት በመሬቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን በመጥፎ ሽታ ከልክ በላይ የሚያውክ ሰው ሊከሰስ ይችላል።

ሆቴል፣ ሥጋ ቤት ወይም መኪና እጥበት ልትከፍቱ ያሰባችሁ እስካሁን ያልኩትን የቤት ሒሳብ አትጠቀሙ። ውሃችሁ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ዘይትና ቅባት መለያ ያስፈልጋችኋል፣ ቁጥጥሩም ይጠብቃል። ባለሙያ ቅጠሩ።

መኪና ስትጠሩ፣ ሥራ ስትረከቡ

የመንግሥትም የግልም መምጠጫ መኪና አለ። የግሉ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይመጣል፣ ዋጋው ይበልጣል። የት እንደሚደፋው ጠይቁት። ቃሊቲና ኮተቤ መቀበያ አለ። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ከረከሰ ከአንዱ ጫካ ወይም ወንዝ ሊደፋው ይችላል፤ ደረሰኝ ያዙ።

ማንም ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ እንዲያጸዳ አትፍቀዱ። ባዶ የሚመስል ጉድጓድ ውስጥ የሚገድል ጋዝ አለ። የወደቀውን ሊያወጣ የሚገባውም አብሮ ይሞታል። ክዳኑ ሲከፈት ልጆችን አርቁ፣ እሳትም ሲጋራም አይቅረብ።

አዲስ ታንክ አሠርታችሁ ከሆነ አፈር ከመመለሱ በፊት በውሃ ሞልታችሁ አንድ ቀን ተዉት። ከፍታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በማግሥቱ ከወረደ ያፈስሳል፤ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ፣ እንደገና ይለስን። የሁለቱም ክፍል ክዳን ከመሬት በላይ የሚታይና የሚነሳ ይሁን። ከዚያ ታንኩና ማስረጊያው ከቤቱ ሁለት ማዕዘን በሜትር ስንት እንደሚርቁ ለክታችሁ በወረቀት ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ፣ ከካርታው ጋር አስቀምጡት።